«በብርድ አገር ጎመን አትሞክሩ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርዕሱ «በብርድ አገር ጎመን አትሞክሩ» ይላል። ጸሐፊው ስቶክሆልም የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። ጅማ ላለነው እንኳ ከዘመድም ከጓደኛም ደጋግሞ ደርሶናል። እዚያው ስዊድን ያለችው ታላቅ እህቴ ግን የላከችልኝ ተናዳ ነው። «ይኼን አንብበሽ ዝም ካልሽ፣ የዕፅዋት ሳይንስ የተማርሽው ለጌጥ ነው» አለችኝ። በረዶ መሃል የቆመ ጎመኗን በየዓመቱ ፎቶ እያነሳች የምትልክልኝ እሷ ናት። መናደዷ አልገረመኝም።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ያስቃል፤ የአገር ቤት ጎመን የናፈቀውን ሰው ሆድም ያባባል። ይህን ያህል የተቀባበልነው ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ፣ ምክሩን አምኖ ጓሮውን ባዶ የሚተው ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ከዚያ እመልሳለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጎመን የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ብርድ አይችልም። ውርጭ አንዴ የመታው ቅጠል ሞቷል፤ ቢበላም ለጤና ጥሩ አይደለም። ማሞቂያ ያለው የመስታወት ቤት የሌለው ሰው ባይሞክር ይሻለዋል፤ ያለውም ቢሆን የመብራቱ ሒሳብ ከሱፐርማርኬት ጎመን ይበልጥበታል። ማስረጃቸው የራሳቸው ሙከራ ነው። ኅዳር ላይ ከአገር ቤት የመጣላቸውን የጎመን ዘር ጓሯቸው ውስጥ ዘሩ። ጥቂቱ በቀለ። የበቀለውም ሁለት ቅጠል አውጥቶ ቆመ፤ ወሩ ሳይሞላ ሞተ። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ዞር ይላሉ፦ «ጅማ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ዘር ጣል ካደረጋችሁ ያለ ጥረት ይበቅልላችኋል።»

በቅደም ተከተል አልሄድም። ከማስረጃቸው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነው።

ስቶክሆልም ውስጥ ኅዳር ላይ የተዘራ ጎመን እንደሚሞት አልከራከርም። ይሞታል። እኔ ብዘራውም፣ የአገሩ ገበሬ ቢዘራውም ይሞታል። ጥያቄው ምን ገደለው የሚለው ነው። ጸሐፊው ብርዱን ከሰሱ። ቴርሞሜትር አዩ፣ ዜሮ አካባቢ ነበር፣ ፍርዳቸውን ሰጡ። የቀኑን ርዝመት ግን አልቆጠሩም።

በዚህ አልፈርድባቸውም። ኢትዮጵያ ያደገ ሰው የቀን ርዝመት ይለዋወጣል ብሎ ማሰብ አይመጣለትም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። በዓመቱ አጭሩ ቀናችን ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን እንኳ ወደ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብርሃን እናገኛለን። ረጅሙ ቀን ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍ። ሰዓታችን ራሱ በዚህ ላይ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ አለቀ። ጎመን መቼ እንዝራ ስንል የምንጠይቀው ዝናቡን ነው። ብርሃኑ ሁሌም አለ።

ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ የዓመቱ አጭር ቀን 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትነሳው። ጅማ ላይ በዚያው ቀን፣ በዚያው እኩለ ቀን፣ 59 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። እዚያ የፎቅ ጥላ የሸፈነው ጓሮ ቀጥተኛ ጨረር ሳያይ ሊሰነብት ይችላል።

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። የሰሜን አገር አትክልተኞች አንድ የተለመደ ድንበር አላቸው፤ የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት ሲያንስ አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል እድገቱን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ስቶክሆልም ይህን ድንበር የምታቋርጠው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የምትመለሰው የካቲት አጋማሽ ላይ። ጸሐፊው የዘሩት የዚህ ጨለማ ወቅት ልብ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የበቀለ ቡቃያ ከዘሩ ውስጥ የነበረውን ስንቅ በልቶ ይጨርሳል። ሁለት ቅጠል ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራበት ብርሃን የለም። ልክ ጸሐፊው እንዳዩት።

የሚገርመው፣ መልሱ በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ አለ። መሃል ላይ እንደዋዛ ጣል አድርገውታል። ከዘሩ የተወሰነውን በሣጥን አድርገው ሳሎን መስኮት ላይ አስቀምጠው ነበር። እሱም «ቀጭንና የገረጣ ሆኖ ወደቀ» ይላሉ። እንግዲህ ሳሎን ውስጥ ውርጭ የለም። የስዊድን ቤት ውስጡ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጅማ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር እንደመቀመጥ ነው። ገዳዩ ብርዱ ቢሆን ኖሮ፣ የሳሎኑ ጎመን እስከ ጥር ለወጥ ይደርስ ነበር። ውጭም ሞተ፣ ውስጥም ሞተ። ሁለቱ የሚጋሩት የብርሃን ማነስን ብቻ ነው።

ታዲያ እነዚያ በበረዶ መሃል ጎመን የሚቆርጡ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው? ጽሑፉ የሳተው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነሱ በብርድ ወራት አያበቅሉም። በሙቀቱ ወራት አብቅለው በብርዱ ወራት ይለቅማሉ። ኬል የሚባለውን ጠንካራ ጎመን ግንቦት ላይ ይዘራሉ፣ ሰኔ ላይ ችግኙን ያዛውራሉ። ስፒናች ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይዘራሉ። ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ ተክሉ ሙሉ ሰውነቱን ይዟል። ከዚያ ወዲህ አያድግም፤ አይበላሽምም። ጓሮው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የፈለገ ሰው የሚበቃውን እየቆረጠ ይገባል።

ጤፍ እኛ አገር ኅዳር ላይ ይታጨዳል እንጂ አይዘራም። አንድ እንግዳ ኅዳር ላይ ጤፍ ዘርቶ ሲያጣ «ኢትዮጵያ ጤፍ አታበቅልም» ብሎ ቢጽፍ ምን እንለዋለን? ክፉ ቃል አንናገረውም። ቁጭ አድርገን ቡና አፍልተን፣ «ሐምሌ ላይ ሞክር» ነው የምንለው። ለጸሐፊውም የምለው ይህንኑ ነው።

ኬልን ካነሳሁ አይቀር፣ ለማያውቀው ሰው ልንገር። ቅጠሉ የተጨማደደ፣ ወፈር ያለ፣ የጥቅል ጎመን የቅርብ ዘመድ ነው። ጎመን በሥጋ ለመሥራት ይሆናል፤ ግን ከእኛው ጎመን ደቀቅ አድርጎ መክተፍና ረዘም አድርጎ ማብሰል ይፈልጋል። እህቴ «ዝንጅብሉን በዛ ካደረግሽበት ልዩነቱን እንግዳ አያውቀውም» ትላለች። እኔ ሳልቀምሰው አልፈርምም።

አሁን ወደ መጀመሪያ ነጥባቸው ልመለስ፤ ጎመን የሞቃት አገር ተክል ነው ወደሚለው።

ይህ ከስዊዲናዊ ቢመጣ ይገባኛል። ከኢትዮጵያዊ ሲመጣ ግን ይከብዳል። የሀበሻ ጎመን የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ነው። ቆላ ላይ ስትዘሩት ነው የሚማረረው፤ ሙቀቱ ቶሎ ወደ አበባ ይሰደዋል፣ ቅጠሉም ይመራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። እዚያ የውርጩ ለቅሶ የሚሰማው ባቄላና ድንች ላይ ነው። ጎመን ብርዱን ችሎ ከሚያድሩት ወገን ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውስ ለምን ሆነና? ዝናቡ፣ ብርዱና ጭጋጉ ሲበረታ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ እስከ መስከረም ቤተሰቡን የሚያሻግረው ጎመን ስለነበረ ነው።

ዘሩንም ካነሳን፣ የሀበሻ ጎመን የሁለት ዘመዶች ዲቃላ ነው። አንደኛው ሰናፍጭ ነው። ሌላው የጥቅል ጎመንና የኬል ወገን። ይህን ዝምድና ኡ ናጋሃሩ የሚባል ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። የብርድ ችሎታውም ከዚያ ቤተሰብ ሳይመጣ አይቀርም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ጸሐፊው የሚኖሩባት ስዊድን ራሷ ምስክር ናት። በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሃላንድ በሚባለው ክፍለ አገር፣ የፈረንጅ ገና ማዕድ ያለ ኬል አይሟላም። በሥጋ መረቅ ቀቅለው፣ በክሬም አሽተው ያቀርቡታል። ሰሜን ጀርመን ደግሞ፣ ብሬመንና ኦልደንቡርግ አካባቢ፣ ሰዎች በጥርና በየካቲት ብርድ ተሰብስበው በእግር ይንሸራሸሩና መጨረሻ ላይ ምግብ ቤት ገብተው የኬል ድግስ ይበላሉ። የብርድ ወቅት ባህላቸው ነው። ሞቃት አገር የሚወድ ተክል እንዲህ ያለ ልማድ አይፈጥርም።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ነጥብ አለ። የእኛው የሀበሻ ጎመን እንደ ኬል ጠንካራ አይደለም። በደንብ ያደገ ኬል ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ አንዳንዱ ዓይነት ከዚያም በላይ ይቋቋማል። የሀበሻ ጎመን ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ የስዊድንን የጥር ሌሊት ግን ሜዳ ላይ ይወጣዋል ብዬ አልምልም። ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ፣ ፍሎሪዳና ጆርጂያ፣ ለዘይቱ ሲሉ የብርድ ወራት ሰብል አድርገው ይዘሩታል፤ እዚያ ብርዱ ለስላሳ ነው። (በነገራችን ላይ ከዚሁ የጎመን ዘር ዘይት የተሠራ ነዳጅ ተቀላቅሎ፣ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው አየር መንገድ የካንታስ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን በሯል። እኛ ምጣድ የምናስስበት ዘር!) ስለዚህ ጸሐፊው «የአገር ቤት ዘር ለስቶክሆልም ጥር አይሆንም» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። «ጎመን ብርድ አይችልም» ግን ሌላ ነገር ነው።

በሶብላ፣ ቲማቲምና ቃሪያም ብርድ አይችሉም ብለው የጻፉት ልክ ነው። በሶብላ ውርጭ እስኪመጣ እንኳ አይጠብቅም፤ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጥቆር ይጀምራል። እነዚህ በእውነት የሙቀት ተክሎች ናቸው። ስሕተቱ ጎመንን ከነሱ ጋር አንድ መደብ ላይ መዝራቱ ነው።

ውርጭ የመታው ቅጠል ሞቷል ስለሚለው።

አዎ፣ የሞተ ይመስላል። በውርጭ ጠዋት ጎመን ስታዩ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ተልፈስፍሶ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው የምታገኙት። ማንም ሰው «በቃ» ይላል። ግን ረፋድ ላይ ተመልሳችሁ እዩት። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ውስጡ የሆነው ይህ ነው። አየሩ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ተክሉ ለሳምንታት ይዘጋጃል። ቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያጠራቅማል። ስኳር ያለው ውኃ ቶሎ ረግቶ በረዶ አይሆንም። ብርዱ ሲበረታ በረዶው መጀመሪያ የሚፈጠረው በሕዋሳቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ከሕዋሱ ውኃ እየሳበ። ሕዋሱ ይጨማደዳል፣ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፤ ግን ሕዋሱ ካልፈነዳ፣ ሲሞቅ ውኃው ይመለሳል። ለዚህ ነው አንድ ሕግ ያለው፦ በረዶ የያዘውን ቅጠል አትንኩ፣ አትቁረጡ። እስኪለቀው ጠብቁ። ረግቶ እያለ የተቆረጠ ቅጠል ቤት ገብቶ ሲሟሟ እንደረጠበ ወረቀት ይሆናል። ጸሐፊው ውርጭ ስለመታው ቅጠል «ድስት ውስጥ ሲገባ ሟሸሸ» ያሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

ያ ስኳር ደግሞ ይቀመሳል። ጀርመኖች ኬል ውርጭ ካልመታው አይጣፍጥም የሚሉት ለዚህ ነው። ጃፓን ውስጥ ስፒናች የሚያበቅሉ ገበሬዎች ከመሰብሰባቸው በፊት የፕላስቲክ ቤታቸውን ሆን ብለው ይከፍቱና ብርድ ያስገቡበታል። ቅጠሉ እንዲጣፍጥ። ይህን ስጽፍ አንድ የጅማ ባለጉልት ብታነብ ምን ትል ይሆን ብዬ ሳቄ መጣ፤ ጎመን ሆን ብሎ ማብረድ!

ለጤናው ጥያቄ፦ ውርጭ የመታው ጎመን መርዝ አይሆንም። ወሬው ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ግን አንድ እውነተኛ ምንጭ ይታየኛል። ማሽላ ላይ ነገሩ እውነት ነው። ውርጭ የመታውን ለጋ የማሽላ ቅጠል የበላ ከብት ሊሞት ይችላል፤ ተክሉ ሲጎዳ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል። ይህን የሰማ ሰው ለሌላውም ቅጠል ቢፈራ አይፈረድበትም። ጎመን ግን ያ ባሕርይ የለውም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ነገር እኔ ላንሳላቸው። ብርሃን ባነሰበት ወቅት ያደገ ቅጠል ሲበዛ ለጤና የማይመከረውን ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ያጠራቅማል። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በሽፋን ሥር ለሚያድግ የብርድ ወቅት ሰላጣ የሚፈቅደው ገደብ ከሙቀቱ ወቅት የላላ ነው፤ 4,000 የነበረው በኪሎ 5,000 ሚሊግራም ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። መኸር ካለፈ በኋላ ዩሪያ አትጨምሩ። ሲቻል ከሰዓት በኋላ፣ ቅጠሉ ብርሃን ካገኘ ወዲያ ቁረጡ። በዚህ ምክንያት ጎመን መተው ግን አያስፈልግም።

የመስታወት ቤቱን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው፤ ጸሐፊው ብዙ ገጽ ሰጥተውታል፣ ግን ሒሳባቸው የተሳሳተ ዕቃ ላይ ነው። ማሞቂያ ያለው የመስታወት ቤት ውድ መሆኑ እውነት ነው። ማን አስገደዳቸው? የሱፐርማርኬቱ ኬል ራሱ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር ቆሞ የታጨደ ነው። ለኬል ምንም ሽፋን ላያስፈልግ ይችላል። ለስፒናችና ለሰላጣ ደግሞ በቅስት የታጠፈ ወፍራም ሽቦ መደቡ ላይ ይተከላል፤ ከላዩ ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ስስ ነጭ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ይዘረጋል። የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ነፋሱን ማቆሙ ነው። መሬቱ በብርዱ ከረጋ ሥሩ ውኃ አይስብም፤ ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከቅጠሉ ውኃ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ በብርድ ሞተ የሚባለው ተክል የሞተው በጥም ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሽፋኑ ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው ቦታ አብሮ ይረጋል። ፀሐያማ ቀን ሲሆን ደግሞ ጫፉን ክፈቱት፤ አለዚያ ውስጡ ይታፈንና ሻጋታ ይወርሰዋል። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ያረጀ የጥጥ አንሶላ ዘርግታ ነበር። ዝናብ ጠጥቶ፣ ሌሊት በብርዱ ረግቶ እንደ ቆርቆሮ ሆኖ፣ ስፒናቹን ደፍጥጦ አገኘችው። ጥጥ አይሆንም።

በረዶ ሲወርድስ? ጸሐፊው «በረዶ ሲቀብረው ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ» ይላሉ። ተስፋ መቁረጥ የነበረባቸው በረዶው ሲጠፋ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በውስጡ ብዙ አየር አለው፤ ብርድ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ከላይ ካለው አየር ይሞቃል። ስፒናችን የሚጎዳው በረዶ የሌለበት፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ የሚጋረፍበት የጥር ሌሊት ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጅማዎቹ። «ያለ ጥረት ይበቅልላችኋል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ተፈቅዶልኝ።

ዕድለኞች መሆናችንን አልክድም። ከላይ እንዳልኩት ብርሃናችን ዓመቱን ሙሉ ከ10 ሰዓት በታች አይወርድም። ጎመን በየትኛውም ወር ቢዘራ ማደግ ይችላል። ጸሐፊው ግን ዕድላችን ሙቀቱ ይመስላቸዋል። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት በጋቢ ነው የሚወጣው። ቀን ላይ ደግሞ 27 አካባቢ ይደርሳል። ጎመኑን የሚያስቸግረው ከሁለቱም አይደለም።

የሚያስቸግረው በየወቅቱ ይለያያል። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። በክረምት ችግኙ ከሥሩ ይበሰብሳል። ቀንድ አውጣ ሌሊት ወጥቶ ጨረቃ እስክትጠልቅ ይበላል። መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ ያላወጣ ሰው፣ አንድ ከባድ ዝናብ ዘሩን ጠራርጎ ጎረቤት ያስገባለታል። ቀይ አፈራችን ደግሞ አሲዳማ ነው። ኖራ ወይም የምድጃ አመድ ያላየ መደብ ላይ ጎመን ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ማዳበሪያ አነሰው ብሎ ገንዘቡን ያባክናል።

ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። ግራጫ ዱቄት የተነፋበት እስኪመስል ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል። በክረምት ዝናቡ እያጠበ ይጥለው ነበር፤ በበጋ የሚያጥበው የለም። በሳሙና ውኃ የሚያጥበው ባለቤቱ ነው፤ ቅጠል በቅጠል። ውኃው ራሱ ጣጣ ነው። ከኅዳር በኋላ የቧንቧ ውኃ ለጎመን ማን ያጠጣል? ብዙ ሰው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። አዌቱ መሃል ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ ምን ይዞ እንደሚያልፍ ጅማ የኖረ ሰው ያውቃል። በእሱ ያደገ ጎመን በደንብ ታጥቦና በስሎ ካልተበላ የሆድ ነገር ነው። ሂርማታ ገበያ አንድ እስር ጎመን ከመግዛቱ በፊት «የየት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ዝም ብሎ አይደለም። ከዴዶ በኩል፣ ከደጋው የመጣ ነው ከተባለ ቶሎ ያልቃል።

እህቴ በታኅሣሥ ክሽክሽ አያስቸግራትም። ቀንድ አውጣም የለባትም። ውኃ አታጠጣም፤ ተክሉ ስለማያድግ የሚጠጣው ጥቂት ነው። አረምም አይበቅልባትም። ጓንቷን አድርጋ ትወጣለች፣ ቆርጣ ትገባለች። ከሁለታችን ያለ ጥረት የምትበላው ማን እንደሆነች ጸሐፊው ይፍረዱ። እርግጥ የሰኔና የነሐሴ ሥራዋን ሳይቆጥሩ ነው።

የቀረኝ የዘሩ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የተረፈውን ዘር «ለመታሰቢያ በጠርሙስ አስቀመጥኩት» ብለዋል። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ካለ የጎመን ዘር አራት ዓመት ያህል ይቆያል። ሌሎች አንባቢዎች ግን እንደሳቸው በሻንጣ ዘር አታስልኩ። ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ የሚዘራ ዘር ሁሉ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልገዋል። እህቴንም እምቢ የምላት ለዚህ ነው። የሀበሻ ጎመን ዘር እዚያው በአንዳንድ የዘር መሸጫዎች «የኢትዮጵያ ኬል» ወይም «የአቢሲኒያ ጎመን» በሚል ስም ይገኛል። ፈጣን ስለሆነ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተዘርቶ በሙቀቱ ወራት ይበላል። እንደገና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከተዘራ ደግሞ እስከ ጥቅምት ውርጭ ድረስ ይለቀማል። ለጥርና ለየካቲት የሚሆነው ኬል ነው፤ እሱን ግንቦት ላይ ዝሩት።

ለዘንድሮ ብርድ ጊዜው አልፏል። ግን የካቲት አጋማሽ ላይ ቀኑ 10 ሰዓት ሲሞላ፣ መሬቱም ሲፈታ፣ በፕላስቲክ ሽፋን ሥር ስፒናች መዝራት ይቻላል። ስፒናች አፈሩ 5 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ይበቅላል፤ ሳምንታት ይፈጅበታል እንጂ። እስከዚያ ሽቦውን መግዛት፣ መደቡንም ከፎቁ ጥላ ማውጣት ነው።